ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ዋትና ስለ አምፔር ሲጽፉ ያየ ሰው፥ «እናንተ ደግሞ ምን ቤት ናችሁ?» ቢለን አንቀየምም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ በቅድሚያ መልስ እንሰጥበታለን። እኛ ቃልን መመርመር የተማርን ሰዎች ነን። አንድ የታሪክ ሰነድ ሲቀርብልን ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ለማን ጻፈው? ምንስ ሳይጽፍ ቀረ? ብለን እንጠይቃለን። ቁጥር ሲመጣብን ግን ብዙዎቻችን ብዕራችንን አስቀምጠን እጅ እንነሣለን፤ ቁጥር ከምርመራ በላይ የሆነ ይመስለናል። ቁጥር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን እውነት የሆነ ቁጥር ሁሉ እኛ ለጠየቅነው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ይህን ለማስረዳት አንዲት ትንሽ ዕቃ ይዘን ቀርበናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ መኝታ ቤት ከምንኖረው ከሦስታችን የአንዱ እናት ድሬዳዋ ይኖራሉ። የስኳር በሽታ ስላለባቸው በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ያልተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶ ከሠራም ይጣላል እንጂ አይወጋም። በቤታቸው ፍሪጅ አለ፤ መብራት ግን ይጠፋል፤ አንዳንድ ቀን ጧት ጠፍቶ ማታ ይመጣል። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሲደርስ፥ የተዘጋው ፍሪጅም ቢሆን ብዙ ሰዓት አይታገሥም። እናታችን በስልክ ሲያጫውቱን፥ «መብራት ሲጠፋ ከእኔ ይልቅ መድኃኒቴ ይታመማል» ብለዋል። ይህ ቃል ከልባችን አልጠፋም።

ስለዚህ ጉዳይ ስንመካከር ሰንብተን፥ ከኪሳችን ያለችውን አዋጥተን ከመርካቶ አንዲት ነጭ ሰሌዳ ገዛን። ስፋቷ 4 ሴንቲ ሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር፥ ውፍረቷ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቀይና ጥቁር ሽቦ ወጥቶላታል። ከባትሪ ጋር ሲያገናኟት አንዱ ገጽዋ ይቀዘቅዛል፤ ሌላው ገጽዋ ይሞቃል። ሞተር የላትም፤ ጋዝ የላትም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የላትም። ከእርስዋ ጋር የተሰጠን ወረቀት አራት ቁጥሮች ይዟል፤ 66 ዲግሪ፥ 50 ዋት፥ 6.4 አምፔር፥ 14.4 ቮልት። ከጎረቤት መኝታ ቤት የመጣ አንድ ወንድማችን ወረቀቱን አይቶ፥ «ድሬዳዋ 35 ቢሆን፥ 66 ሲቀነስለት ከዜሮ በታች 31 ይሆናል፤ ኢንሱሊኑ በረዶ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ!» አለና ሄደ።

እኛ ግን አልቸኮልንም። ግምታችን ቢሳሳት የሚበላሸው ወተት አይደለም። የተበላሸ ኢንሱሊን ሁልጊዜ በመልኩ አይታወቅም፤ ብልቃጡ እንደ ደኅናው ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል፤ የሚታወቀው የሰውዬው ስኳር ከፍ ባለ ጊዜ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን እንደ ማንኛውም ሰነድ አስቀምጠን መረመርነው።

በመጀመሪያ ያገኘነው ይህን ነው፤ 66 ዲግሪ የተባለው በሁለቱ ገጾች መካከል ሊኖር የሚችለው ትልቁ ልዩነት ነው፤ ይህም የሚገኘው ቀዝቃዛው ገጽ ከየትም ምንም ሙቀት በማይቀበልበት ጊዜ ብቻ ነው። 50 ዋት የተባለው ደግሞ ሰሌዳዋ ልትወስድ የምትችለው ትልቁ ሙቀት ነው፤ ይህም የሚገኘው ሁለቱ ገጾች እኩል ሙቀት ሲኖራቸው፥ ማለትም ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሰዓት አብረው አይውሉም። አንድ ተሸካሚ «መቶ ኪሎ እሸከማለሁ፤ እንጦጦንም ሳላርፍ እወጣለሁ» ቢል ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ መቶ ኪሎ ተሸክሞ እንጦጦን ሳያርፍ ይወጣል ማለት ግን አይደለም። ደግሞም ወረቀቱ በትንሽ ፊደል፥ ቁጥሮቹ የተለኩት ሞቃቱ ገጽ በ25 ዲግሪ ተይዞ ሳለ ነው ይላል። ድሬዳዋ በግንቦት ቀትር ላይ እንኳን የሰሌዳ ጀርባ፥ የቤቱ ጥላም 25 ዲግሪ አይገኝበትም።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት የዕቃይቱን የትውልድ ሐረግ ባጭሩ እንናገር። በ1821 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ዜቤክ ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶችን ጫፍና ጫፋቸውን አገናኝቶ አንዱን መገናኛ ቢያሞቀው የኤሌክትሪክ ምልክት አገኘ። በ1834 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፔልቲዬ የነገሩን ግልባጭ አየ፤ በመገናኛው ላይ ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍ አንዱ ጫፍ ሞቀ፥ ሌላው ቀዘቀዘ። በ1838 እ.ኤ.አ. ሌንዝ በሴንት ፒተርስበርግ በቢስሙትና በአንቲሞን መገናኛ ላይ የውሃ ጠብታ አስቀምጦ በረዶ አደረጋት፤ ኤሌክትሪኩን ወደ ኋላ ቢመልሰው በረዶዋ ቀለጠች። ይሁን እንጂ ብረት ሙቀትን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ የቀዘቀዘው ወዲያው ይሞቃልና፥ ግኝቱ ከመቶ ዓመት በላይ ከላቦራቶሪ አልወጣም። ከላቦራቶሪ ያወጡት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጡት ሴሚኮንዳክተሮች፥ ይልቁንም ቢስሙት ቴሉራይድ የተባለው ነው። በእኛ ሰሌዳ ውስጥ ከዚህ የተሠሩ 127 ጥንድ ጥቃቅን ምሰሶዎች በሁለት የሸክላ ገጾች መካከል ቆመዋል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ከፊዚክስ ክፍል የሆነ አንድ ወንድማችን ሦስት ማታ ተቀምጦ ያስረዳንን እኛ በገባን መንገድ እናቀርበዋለን። ክረምት ነው እንበል፤ ዝናብ ቤት ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ሰው በባልዲ እየቀዳ ውሃውን በደጃፍ ወዳለው ቦይ ይደፋል። ቤቱ እንዲደርቅ ሦስት ነገር መቁጠር አለብን። አንደኛ፥ ሰውዬው በባልዲ የሚያወጣው ውሃ ነው። ሁለተኛ፥ ሲሠራ ባልዲው እየተናጠ መልሶ ቤት ውስጥ የሚያፈስሰው ነው። ሦስተኛ፥ ቦዩ ሲሞላ በመድረኩ ስር ተመልሶ የሚገባው ነው። በቤቱ ላይ የሚታየው ፋይዳ የመጀመሪያው ከሁለቱ ሲቀነስ የሚተርፈው ብቻ ነው።

በሰሌዳዋም እንደዚሁ ነው። ኤሌክትሪኩ ከቀዝቃዛው ገጽ ሙቀት ያወጣል፤ ይህ በአምፔሩ ልክ ያድጋል። ኤሌክትሪኩ በምሰሶዎቹ ሲያልፍ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ የዚህም እኩሌታ ወደ ቀዝቃዛው ገጽ ይመለሳል፤ ይህ ደግሞ በአምፔሩ ልክ ሳይሆን አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ያድጋል። ከሞቃቱ ገጽም ወደ ቀዝቃዛው ሙቀት በምሰሶዎቹ ውስጥ ሾልኮ ይመለሳል፤ ይህ በሁለቱ ገጾች ልዩነት ልክ ነው።

ከወረቀቱ አራት ቁጥሮች እነዚህን ሦስት ሂሳቦች የሚያሠሩ ሦስት መጠኖች ይወጣሉ። እኛ አጠጋግተን፥ ለማውጣቱ በዲግሪ 0.05 ቮልት፥ ለኤሌክትሪክ መከላከሉ 2 ኦም፥ ለሾልኮ መመለሱ በዲግሪ 0.5 ዋት ይዘናል። ልኩን ለማረጋገጥ ከእነዚህ ሦስት ወደ ኋላ ብናሰላ ትልቁ ልዩነት 67 ዲግሪ፥ ትልቁ ሙቀት 53 ዋት ያህል ይወጣል፤ ከወረቀቱ ብዙም አልራቀም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ነገር ጎደለን። ወረቀቱ ስለ ሰሌዳዋ እንጂ ስለ ቦዩ አይናገርም። የሚወጣው ሙቀት የሚደፋበት ባለ ክንፍ አሉሚኒየም ከጀርባዋ አለ፤ ማራገቢያም ተገጥሞለታል። ይህን ራሳችን መለካት ነበረብን። 30 ዋት የምትበላ ማሞቂያ ሬዚስተር በአሉሚኒየሙ ላይ አጣብቀን ቴርሞሜትር አስጠጋን። ማራገቢያው ሲዞር አሉሚኒየሙ ከክፍሉ አየር 9 ዲግሪ በልጦ ቆመ፤ ማራገቢያውን ብናጠፋው 30 ዲግሪ በለጠ። እንግዲህ ማራገቢያ ሲኖር ለእያንዳንዱ ዋት 0.3 ዲግሪ፥ ማራገቢያ ሲቆም ለእያንዳንዱ ዋት 1 ዲግሪ ይሞቃል ማለት ነው። አንባቢ ይህን ልዩነት በልቡ ያስቀምጥልን።

የምንፈልገው የሣጥኑ አየር ከ8 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው። ቅዝቃዜው ወደ አየሩ እንዲሻገር የሰሌዳዋ ቀዝቃዛ ገጽ ከአየሩ ዝቅ ማለት አለበትና 5 ዲግሪ ይሁን፤ ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ ሲቆጠር 278 ነው። የውጭው አየር 35 ዲግሪ፥ ኤሌክትሪኩ 3 አምፔር ይሁን። የሚወጣው 0.05 በ278 በ3 ሲባዛ 41.7 ዋት ነው። ኤሌክትሪኩ የሚፈጥረው ሙቀት 3 በ3 በ2፥ ማለትም 18 ዋት ነው፤ እኩሌታው 9 ዋት ይመለሳል። ሾልኮ የሚመለሰውን ለማወቅ ግን የሞቃቱን ገጽ ሙቀት ማወቅ ያስፈልጋል፤ እርሱም በሚደፋበት ሙቀት መጠን ይወሰናል፤ የሚደፋበትም ሙቀት መልሶ በእርሱ ይወሰናል። ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ እንደሚባለው ነው። የፊዚክሱ ወንድማችን «ገምቱና ግምታችሁን በራሱ አርሙት» አለን። 40 ዲግሪ ብለን ጀመርን፤ ሂሳቡ 46.5 አለን፤ በ46.5 እንደገና ብናሰላ 46 አለን፤ ከዚያ አልተነቃነቀም። ልዩነቱ 41 ዲግሪ ስለ ሆነ 20.5 ዋት ሾልኮ ይመለሳል። ከ41.7 ላይ 9 እና 20.5 ሲቀነስ 12 ዋት ይተርፋል። ይህን 12 ዋት ለማግኘት ሰሌዳዋ 24 ዋት ኤሌክትሪክ ትበላለች፤ ለአንድ ዋት ኤሌክትሪክ ግማሽ ዋት ቅዝቃዜ ብቻ ትሰጣለች። የተለመደው የቤት ፍሪጅ ግን ለአንድ ዋት ከአንድ ዋት የበለጠ ይሰጣል።

«አምፔሩን ብንጨምርስ?» አልን። በ5 አምፔር ስናሰላ ሞቃቱ ገጽ 59 ዲግሪ ይደርሳል፤ የሚተርፈው 17 ዋት፥ የሚበላው 64 ዋት ይሆናል። ቀለቡ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሲያድግ ሥራው በግማሽ እንኳ አልጨመረም። ባልዲውን ያለ ቅጥ ያፈጠነ ሰው ከሚያወጣው ይልቅ የሚያፈስሰው ይበዛልና።

ይህ ሁሉ ማራገቢያው ሲዞር ነው። ማራገቢያው በአቧራ ታንቆ ቢቆምስ? በ3 አምፔር ሞቃቱ ገጽ 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከ12 ዋት 3 ዋት እንኳ አይሞላም። ይህን አይቶ አንድ ሰው አምፔሩን ወደ 5 ቢያሳድገው ሂሳቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሰሌዳዋ በ5 ዲግሪ ልትቆም አትችልም፤ ሣጥኑን እንድታቀዘቅዝ የተገዛችው ሣጥኑን ማሞቅ ትጀምራለች። ያችው ሰሌዳ፥ ያው ወረቀት፥ ያው ባትሪ ነው። የተለወጠው ሙቀቱ የሚሄድበት መንገድ ብቻ ነው።

ወደ ሣጥኑ እንመለስ። በሁሉም ወገን 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፥ ግድግዳው 3 ሴንቲ ሜትር ነጭ ፎም የሆነ ሣጥን፥ ውጭው 35 ውስጡ 8 ሲሆን በግድግዳው 8 ዋት ያህል ሙቀት ያስገባል። ሰሌዳዋ 12 ታወጣለች፤ 8 ይገባል፤ 4 ይተርፋል። እንግዲህ መብራት ካለና ማራገቢያው ንጹሕ ከሆነ ይበቃል። እዚህ ላይ ስንደርስ ደስ አለን። ነገር ግን ከሦስታችን አንዱ፥ የእናትየው ልጅ፥ ዝም ብሎ ቆይቶ፥ «መብራት ካለማ ፍሪጁስ አለ አይደለም ወይ? እኔ የምጠይቀው መብራት በጠፋበት ሰዓት ምን ትሆናለች ብዬ ነው» አለን።

እውነትም ጥያቄው ይኸው ነበር። መብራት ሲጠፋ ሰሌዳዋ ሥራ ፈትታ አትቀመጥም። ምሰሶዎቿ ሙቀት ማሳለፋቸውን አይተዉም፤ በክንፉ የተቀበሉትን የውጭ ሙቀት ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ክንፎቹ የሚያግዱትን ቀንሰን ብናሰላ በእርስዋ ብቻ 9 ዋት ያህል ይገባል፤ ከስድስቱ የፎም ግድግዳዎች ሁሉ ከሚገባው ይበልጣል። በችግር ቀን እንድትደርስ የተጠራችው በችግር ቀን ግድግዳው ላይ ያለች ክፍት መስኮት ትሆናለች። በባትሪ እንዳናሠራት ደግሞ፥ ሰሌዳዋና ማራገቢያዎቿ አብረው 28 ዋት ይበላሉ። ባለ 12 ቮልት 60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ 720 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይጎዳ እኩሌታውን ብቻ ብንጠቀም፥ የመቀየሪያውን ብክነት ሳንቆጥር እንኳ 13 ሰዓት ያህል ነው የሚያቆየን።

ያን ማታ ወረቀቱን ገልብጠን በጀርባው ሌላ ሂሳብ ሠራን። ሰሌዳ የሌለበትን፥ ያልተበሳውን ሣጥን ወሰድን። 1 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ሺህ ጁል ሙቀት ይወስዳል። በየሴኮንዱ 8 ጁል የሚገባ ከሆነ፥ 1 ኪሎ በረዶ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ይቆያል። መብራት ሳለ በፍሪጁ በረዶ ቤት የቀዘቀዘ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ፥ የመኪና ባትሪ ከነሰሌዳው ከነማራገቢያው የሚሠራውን ያህል ሊሠራ ምንም አልቀረውም። ሁለት ጠርሙስ ቢሆን ሙሉ ቀን ይሆናል።

እናታችንን ደውለን አስረዳናቸው። ጠርሙሶቹ ሁልጊዜ በረዶ ቤት እንዲቀመጡ፥ መብራት ሲጠፋ ወደ ፎሙ ሣጥን እንዲዛወሩ፥ ብልቃጡ በረዶውን እንዳይነካ በወፍራም ጨርቅ እንዲጠቀለል፥ ቴርሞሜትሩም ከብልቃጡ አጠገብ እንዲሆን ነገርናቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው፥ «ልጆቼ፥ ይህን ሁሉ አስልታችሁ የደረሳችሁት ውሃ ላይ ነው?» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን። ሣጥኑ በአውቶቡስ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ቴርሞሜትሩን እያዩ በደብተር ይጽፉልናል፤ በስልክ ሲያነቡልን ከ4 በታች ከ7 በላይ የሆነ ቁጥር እስካሁን አልሰማንም።

ይህን የምንለው ሰሌዳዋን ለመንቀፍ አይደለም። የሚወሰደው ሙቀት ጥቂት ሆኖ ልኩ ግን በጥንቃቄ መጠበቅ ሲኖርበት፥ ወይም አንዴ ማሞቅ አንዴ ማቀዝቀዝ ሲያስፈልግ፥ እንደ እርስዋ ያለ ዕቃ ጥቂት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ ስሙን ሁላችንም የለመድነው የፒ.ሲ.አር. መሣሪያ ናሙናውን በየደቂቃው የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው በአብዛኛው በዚህች ዓይነት ሰሌዳ ነው። እዚያ መብራት አስተማማኝ ነው፤ ቦዩም ክፍት ነው፤ ሰሌዳዋም ቦታዋን አግኝታለች።

እኛ ያተረፍነው አንድ የጥያቄ ልማድ ነው። «ይህ መሣሪያ ይህን ያህል ይችላል» ሲሉን፥ ምን ተሸክሞ? በየትኛው ቦታ? ያወጣውን ወዴት ደፍቶ? ያቆመ ዕለትስ ምን ይሆናል? ማለት ተምረናል። ይህን ለመጠየቅ የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ መልሱን ለማግኘት ግን የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድምና እኅት ያስፈልጋሉ። ሁለቱ ሕንፃዎች የሚራራቁት አንድ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ እኛ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገርነው በአንዲት እናት መድኃኒት ምክንያት ነው። ሌላው ተማሪ ምክንያት እስኪያገኘው ባይጠብቅ መልካም ነው።

ሂሳቡን የጻፍንበት ደብተርና ሰሌዳዋ በመኝታ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። ስሌታችንን መመርመር የሚወድ፥ ወይም ሙቀቱን የሚደፋበት የተሻለ ቦይ የሚያውቅ ቢኖር፥ ማታ ማታ ከራት በኋላ በራችን ክፍት ነው።